የካርቦን አሻራ፦ የማን ድርሻ፣ የማን ሸክም?

የካርቦን አሻራ የሚባለው አንድ ሰው፣ ድርጅት ወይም ሀገር በሥራውና በኑሮው ምክንያት ወደ ከባቢ አየር የሚለቀው የበካይ ጋዝ መጠን ነው። በኢትዮጵያ «አሻራ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው የችግኝ ተከላው «አረንጓዴ አሻራ» በመኾኑ ቃሉ ጆሮን ሊያሳስት ይችላል። አረንጓዴው እንዲሰፋ፣ የካርቦኑ ግን እንዲጠብ ይፈለጋል።

ሐሳቡ ዊሊያም ሪስ እና ማቲስ ዋከርናግል እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ካዳበሩት «የሥነ ምኅዳር አሻራ» ጋር የተያያዘ ነው። በሕዝብ ዘንድ በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ ግን የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ነበር። ኩባንያው በ2004 ማንኛውም ሰው የራሱን ልቀት የሚያሰላበት መሣሪያ በድረ ገጹ አቀረበ። ነዳጅ አውጥቶ የሚሸጥ ድርጅት ገዥውን «አንተስ ስንት ትለቃለህ?» ብሎ መጠየቁን ተቺዎች ኀላፊነትን ከራስ ወደ ግለሰብ ማሻገር ብለውታል። ትችቱ መሠረት አለው።

በዚህ ጉዳይ የሚነሳው ጥርጣሬ አንድ ዓይነት አይደለም። ምድር በሰው ሥራ መሞቋን የሚክደው ወገን ማስረጃ የለውም፤ የመንግሥታቱ ድርጅት የሳይንስ ጉባኤ በ2021 ሪፖርቱ የሰው ልጅ ድርሻ የማያጠራጥር መኾኑን አስፍሯል። የፖሊሲውን ፍትሐዊነት የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። በፈረንሳይ በ2018 መጨረሻ «ቢጫ ሰደርያ ለባሾች» አደባባይ የወጡት ለአየር ንብረት ተብሎ የነዳጅ ግብር ሊጨመር በመታሰቡ ነበር። የሕዝብ ማመላለሻ እንደ ልብ በማይገኝበት ገጠርና ትንንሽ ከተማ የሚኖር ሠራተኛ መኪናውን ትቶ በምን ይሂድ? መንግሥት ለ2019 የታቀደውን ጭማሪ ሰረዘው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ከነዳጅና ከመሰል ምንጮች የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በአሜሪካ በዓመት 14 ቶን ያህል ሲኾን በኢትዮጵያ ከ0.2 ቶን በታች ነው። «እኔ ምን ለቅቄ ነው የምቀንሰው?» የሚል አርሶ አደር ስሌቱን አልሳተም። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ከብትን፣ የእርሻ መሬትንና የደን ምንጣሮን አይቆጥርም። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የሀገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ሲያደርሰው ከ85 በመቶ በላዩን ለግብርናና ለደን ሰጥቶታል። ስለዚህ ፖሊሲው መጀመሪያ የሚደርሰው አርሶ አደሩ ደጅ ነው።

በወላይታ ሁምቦ የኾነው ለዚህ ምሳሌ ይኾናል። 2 ሺህ 700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከእንጨት ለቀማ ሲከለል መሬታችን ሊወሰድ ነው የሚል ስጋት ነበር። ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የመጠቀም መብት አገኙ፤ ከቆዩ ጉቶዎችና ሥሮች የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ እየገረዙ ደኑን መለሱት። ዛፎቹ ለያዙት ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ክፍያ ተገኘ፤ ሣሩም እየታጨደ ለከብት ዋለ።

በቤት ውስጥ ያለው ለውጥ ከዚህ ያነሰ ቢመስልም ይበልጥ ይቀርባል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። እናቶች ምድጃውን የሚመዝኑት በካርቦን ሳይኾን ከጫካ በሚሸከሙት ወይም ከገበያ በሚገዙት የእንጨት ሸክም፣ ዓይናቸውን በሚለበልበውም ጢስ ነው።