የላይኛው የሥርዓተ ልመት ክፍል ከባድ መድማትና የኢንዶስኮፒ ሕክምና

የላይኛው የሥርዓተ ልመት ክፍል መድማት ከምግብ መውረጃ ቧንቧ፣ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መነሻ የሚፈስ ደም ነው። ከባድ ሲሆን በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ኢንዶስኮፒ የሚደማውን ቦታ ያለ ቀዶ ሕክምና ለማየትም ለመድፈንም ያስችላል፤ ለዚህ ግን ታማሚው በጊዜ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ምልክቶች

ዋነኞቹ ምልክቶች ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ እንዲሁም እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ናቸው። ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ራስን መሳት ብዙ ደም መፍሰሱን ያመለክታሉ። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት እንክብልም ሰገራን ያጠቁራል፤ ጥርጣሬ ካለ ግን ባለሙያ ማማከር ይገባል።

መንስኤዎች

የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት በአብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ባሉ መድኃኒቶች ይመጣል። ሌላው መንስኤ በጉበት ሕመም ሳቢያ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ደም ሥሮች አብጠው መፈንዳታቸው ነው። ለዚህም ሄፓታይተስ ቢ፣ የአልኮል መጠጥና ቢልሃርዝያ ይጠቀሳሉ።

በጋሞ ዞን በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ የሚገኙት የጫኖ ቀበሌዎች በሐሬ ወንዝ መስኖ ሙዝ ያመርታሉ። የመስኖ ቦይና የሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሊመቹ ስለሚችሉ፣ በእንዲህ ያለ አካባቢ ደም የሚያስመልስ ሰው የጨጓራ ቁስለት ብቻ እንዳለበት መገመት አይገባም።

ሕክምናው

በቅድሚያ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል። ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ7 ግራም በታች ከወረደ በአብዛኛው ደም ይሰጣል፤ የጨጓራ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒትም ይጀመራል። የጉበት ሕመም ከተጠረጠረ የደም ሥር ግፊትን የሚቀንስ መድኃኒትና ፀረ ባክቴሪያ ይታከላሉ።

ታማሚው ከተረጋጋ በኋላ ኢንዶስኮፒው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ያበጠ ደም ሥር ከተጠረጠረ ደግሞ በ12 ሰዓት ውስጥ እንዲደረግ ይመከራል። ካሜራና መብራት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ይገባል። ለሚደማ ቁስለት አድሬናሊን ይወጋል፤ መርፌው ብቻውን ስለማይበቃ ደም ሥሩ በሙቀት ይደፈናል ወይም ክሊፕ በተባለ ትንሽ ብረት ይቆነጠጣል። ያበጠ ደም ሥር በጎማ ቀለበት ይታሰራል፤ ማሰሩም ደም ሥሮቹ እስኪጠፉ ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል። ስለዚህ መድማቱ ቆመ ብሎ ቀጠሮን ማቋረጥ ለአደጋ ያጋልጣል።

ከቤት እስከ ሆስፒታል

• ታማሚውን በጎኑ ማስተኛት፤ ምግብም መጠጥም አለመስጠት።
• ማስታገሻ ኪኒን አለመስጠት።
• ሳይዘገዩ አምቡላንስ መጥራት ወይም በተገኘው ተሽከርካሪ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ማድረስ።
• የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዞ መሄድ።

ኢንዶስኮፒ ወደሚሰጥ ሆስፒታል ሪፈር ሲደረግ ፈሳሽና ደም አስቀድሞ መጀመሩ ወሳኝ ነው። ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ላልተረጋጋ ታማሚ እጅግ አስጊ ነው። በፈቃደኝነት የሚለገስ ደም ሕይወት የሚያድነውም በዚህ ጊዜ ነው።

መከላከል

ሕፃናትን ማስከተብ፣ የቢልሃርዝያ መድኃኒት በዘመቻ ሲሰጥ መውሰድ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ማስታገሻዎችን ያለ ትእዛዝ አለመውሰድና የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምናን እስከ መጨረሻው መፈጸም አደጋውን ይቀንሳሉ።