ሞላና አሞርዛተር

አንድ የድሮ ወዳጄ በስተርጅና ስፖርት መኪና ገዛ። መቼም ሰው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሲያብድ ዓይነቱ ብዙ ነው። መኪናዋ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ፒኒንፋሪና ቅርጿን አውጥቶላት በ1966 (እ.ኤ.አ.) ቱሪን ላይ ለዕይታ የቀረበች፣ እስከ 1985 ድረስም የተመረተች። መልኳ ዛሬም ያምራል። አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ግን እስከሚቀጥለው መብራት ድረስ እየሰገደች ትሄዳለች።

ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። አዛውንቱ መካኒክ መፍቻ እንኳ ሳያነሱ የፊት ፓራፋንጎዋን በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተነሥታ ወደቀች። «ጉድጓዱን አልረሳ ብላለች» አሉ። ወዳጄ ኪሱን አስቦ «አሞርዛተሩ ብቻ ቢቀየርስ ጋሼ?» ቢላቸው፣ «ጉልበቱ ለከዳው ሰው አዲስ ጫማ ምን ያደርግለታል? ሞላውም ደክሟል» ብለው ዝም አሰኙት።

ብዙዎቻችን መኪናን የሚሸከማት አሞርዛተር ይመስለናል። የሚሸከማት ሞላው ነው። ሞላ ግን አንዴ ከተነካ መዝለሉን ቶሎ አይተውም። አሞርዛተር በሆዱ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሾለከ ያንን ዝላይ ወደ ሙቀት ይለውጥና ያበርደዋል።

የሰው ልጅ መሸከሙን ቀድሞ አወቀ፤ ማብረዱን ዘግይቶ። ኦባዳያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ ሠረገላ ሠሪ የእንቁላል ቅርጽ ላለው ባሌስትራው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1804 (እ.ኤ.አ.) ነው። የባሌስትራ ቅጠሎች እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ዝላዩን ትንሽ ያረጋጉታል፤ ለፈረስ እርምጃ ይኼው ይበቃ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የቀረበችው መኪናም ከሠረገላ ብዙ የራቀች አልነበረችም። ፍጥነት ሲጨምር ግን ተሳፋሪው ከወንበሩ ይነጥር ጀመር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ትሩፎ የተባለ ፈረንሳዊ በሰበቃ የሚሠራ ማብረጃ አወጣ፤ ኋላም በዘይት የሚሠራው ተተካ። የወዳጄ መኪና በአራቱም ጎማዋ የቆመችው በጥምዝ ሞላ ላይ ነው። የሚፋተግ ቅጠል ስለሌላት አሞርዛተሩ ሲሞት ዝላዩን የሚያስቆምላት የለም።

እኔን ግን ከመኪናዋ ይልቅ የያዘኝ ቃሉ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፤ ሁሉም ጣልያንኛ። ሞላ እንኳ «ሞልቷል» ከምንለው ግሥ የመጣ ይመስላል እንጂ ጣልያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞቻችን በዱር በገደል የተዋጉት ከቃላቱ ባለቤት ጋር ነበር። ጠላት ወጣ፤ መንገዱና ካሚዮኑ ቀረ። ትሬንታ ኳትሮውን፣ ኋላም ኤንትሬውን እየጠገኑ ያሳደሩን ሰዎች ቃሉን የጠላት ነው ብለው አልጣሉትም። ለአፋቸው እንዲመች አድርገው ሠሩበት። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ውሰት ቃላት ሳስተምር፣ ተማሪዎቼን አንድ ቀን እንኳ ጋራዥ አልወሰድኳቸውም።

አሮጌው ሞላ ወጥቶ ከአዲሱ ጎን ሲቆም ሁለት ጣት ያህል አጥሮ ታየ። ይኼን ያህል ጎንብሳ ኖሯል! ይኼኔ አንዱ ረዳት «ጋሼ፣ አሞርዛተር በአማርኛ ምን ማለት ነው?» አለኝ። የድሮ መምህርነቴ ተነሣብኝ። ሥሩ ሞት ከሚለው የላቲን ቃል እንደሚመዘዝ፣ ትርጉሙም «የሚገድል»፣ «የሚያደነዝዝ» እንደሆነ አስረዳሁት።

አዛውንቱ ከመኪናዋ ሥር ሆነው ይሰሙኝ ኖሯል። «የምን መግደል? ማስታገስ ነው እንጂ» አሉ።

ሥራው ሲያልቅ ወጥተው ፓራፋንጎዋን ተጫኑት። አንዴ ዝቅ አለች፤ ተነሥታም ቆመች።