ከእንደራሴ እስከ ውክልና ወረቀት፦ የአትክልት ሥራ ባለቤት ሥልጣኑን ለሌላ ስለሚሰጥበት ሕግ አጭር ታሪክ

በአገራችን አንድ ሰው ስለ ሌላው ሆኖ መናገሩና መፈጸሙ የቈየ ልማድ ነው። ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል፤ «እንደራሴ» ማለት እንደ ራሴ ማለት ነውና፣ ወኪሉ የሚታየው በባለጉዳዩ ቦታ እንደ ቆመ ሙሉ ሰው ነው። በችሎት የሌላውን ጉዳይ ይዞ የሚከራከረው ነገረ ፈጅም፣ በጌታው ፈንታ አገር የሚያስተዳድረው ምስለኔም ከዚሁ አሳብ የወጡ ናቸው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ወኪል የሚናገር ክፍል አለው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው፣ ይህ ሰፊ እምነት እንዴት ተዘርዝሮ በወረቀት ላይ እንደ ሰፈረና ለአነስተኛ ነጋዴ ምን ጥቅም፣ ምንስ ችግር እንዳስከተለ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የአትክልት ሥራ ባለቤትን ነው፤ ይኸውም ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ፣ የመኖሪያና የመሥሪያ ቤት ግቢ በውል ተቀብሎ ሣርና አበባ እየተከለ የሚንከባከብ ሰው ማለት ነው። የዚህ ሰው ሥራ በወቅት የታሰረ ነው። ባለቤቱ ቢታመም ወይም ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ፣ ክረምቱ አይጠብቀውም፤ ችግኙም ውሃ ካላገኘ ይደርቃል፤ ሠራተኞቹም ደመወዛቸውን ይሻሉ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ውክልናን ልዩና ጠቅላላ ብሎ ለሁለት ከፈለው። በቁጥር 2203 እንደ ተደነገገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለወኪሉ የአስተዳደር ሥራ ከመፈጸም በቀር ሌላ ሥልጣን አይሰጠውም። የአስተዳደር ሥራ የተባሉትም በቁጥር 2204 ተዘርዝረዋል፤ ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ እንዲሁም ሰብልን፣ ለመሸጥ የተዘጋጀን ዕቃና የሚበላሽን ነገር መሸጥ ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ችግኙን ለመሸጥና ከደንበኞች ገንዘብ ለመቀበል ይችላል።

ነገር ግን ቁጥር 2205 ሌላ ወሰን ያኖራል። የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ የሐዋላ ወረቀት ለመፈረም፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግና በፍርድ ቤት ለመክሰስም ሆነ ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንግዲህ የግቢውን ሥራ አስፈጽሞ ዋጋውን የሚከለክል ደንበኛ ቢያጋጥም፣ ጠቅላላ ውክልና ብቻ የያዘው ወኪል ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል እንጂ ሊከስ አይችልም። የጥንቱ እንደራሴ ሙሉ ሰው ነበረ፤ የአዲሱ ሕግ ወኪል ግን የተዘረዘሩ ሥራዎች ባለሥልጣን ሆነ። ይህ መጥበብ ባለንብረቱን ከተንኰል ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑን እንረዳለን። ወካዩም ሥልጣኑን በፈለገ ጊዜ ለመሻር ይችላል፤ ሥልጣኑ ሲያበቃም ወኪሉ ወረቀቱን መመለስ አለበት።

ከዚህ በኋላ የወረቀቱ ማስረገጫ ተጠናከረ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 334፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 922፣ የውክልና ሥልጣን የሚሰጥበትና የሚሻርበት ሰነድ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ደነገጉ።

ይሁን እንጂ ዋናው ችግር ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ቃል ካላኖሩ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ባለቤቱ አእምሮውን በሳተ ጊዜ፣ ማለት ወኪሉ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ የወረቀቱ ኃይል ያከትማል ማለት ነው። ወኪሉ ወራሾች ወይም ሕጋዊ ጠባቂዎች ጉዳዩን እስኪረከቡ ድረስ ሥራውን መቀጠል እንዳለበት ሕጉ ቢያዝም፣ ይህ ለጊዜው የሚያገለግል ማቆያ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝም የአሜሪካም ልማዳዊ ሕግ ይህንኑ ደንብ ይከተል ነበር። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በ1954 እ.ኤ.አ. ወካዩ ችሎታውን ቢያጣም የሚጸና ውክልና ፈቀደ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ለክፍለ ግዛቶች አርአያ ሆኖ የተዘጋጀው የውርስ ሕግም ይህንኑ አሳብ ተቀበለ። እንግሊዝም በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ተመሳሳይ ውክልና ፈቀደች።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ «ሙሉ ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ» የሚለው አነጋገር በሕግ ፊት ሙሉ አለመሆኑን ነው። የአትክልት ሥራ ባለቤት ገና ጤነኛ ሳለ፣ ስለ ክስና ክርክር ለይቶ መጻፍ፣ የሚሸጠውንና የማይሸጠውን መለየት፣ ችሎታውን ቢያጣ ምን እንደሚሆን በግልጥ ቃል ማኖር ይገባዋል። የሕጉ ታሪክ የሚያስተምረን፣ እምነት ለሰው የሚሰጥ ቢሆንም ወሰኑ ግን በወረቀት መቀመጥ እንዳለበት ነው።