ከምን አለሽ ተራ እስከ ኒው ዮርክ

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ አይደለም። ከየቤቱ የተለቀመው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ብልሽት ራዲዮ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያም ተፈትቶና ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የሠዓሊ ኤልያስ ስሜን ታሪክ እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። በቀለም ፈንታ ክርና የልብስ ቁልፍ ሸራ ላይ ሰፋ። ኋላም ከመርካቶ የገዛውን የኮምፒዩተር ውስጥ ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ «ገመድ ላይ መራመድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጣቸውን ሥራዎች ሠራ። በዚሁ ስም የተሰየመው የግል ዐውደ ርእዩ በ2019 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም ተከፈተ።

ልዩ ልዩ ቁስ አዋሕዶ መሥራትን ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልስማማም። የብራና መጽሐፋችን ቆዳ፣ እንጨትና ቀለም በአንድ ላይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዕቃው ከባሕር ማዶ መጣ፤ እዚህ አርጅቶ ተጣለ፤ ጥበብ ሆኖ ወደ ባሕር ማዶ ተመለሰ። ታዲያ ሽቦውን የላጠው የመርካቶ ልጅ ሥራውን የት ያየዋል? ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ በጭቃና በጭድ የገነባው፣ በዚያው በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም አንድ መልስ ነው። አንድ መልስ ግን ለአንድ ከተማ አይበቃም።