የቡድኑ ተከታታይ

የጎንደር የጤና ትምህርት መነሻው ወባ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የተነሳው ወረርሽኝ ደምቢያ ላይ ወደ 7,000 ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበርና፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ጋር ተባብሮ በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ።

ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ ሙያዎች ጎንደር ላይ ለየብቻ ቢማሩም፣ ገጠር ሲወጡ ግን በአንድ ቡድን ነበር የሚሠሩት። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ትከታተላለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል።

እኔ ሳኒታሪያን ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ለመስክ ሥራ በወጣንበት ኮላድባ ላይ የተከታተለን ሱፐርቫይዘር ራሱ ከዚያው ኮሌጅ የወጣ ነበር። ተመርቄ ወረዳ ለወረዳ ከዞርኩ በኋላ ያ ሥራ ለእኔም ደረሰኝ። በመካከሉ ብዙ ተለውጧል፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ፤ ኋላም ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በቡድኑም ውስጥ የሕክምና፣ የአዋላጅነትና የላቦራቶሪ ተማሪዎች ገቡበት። ቡድን ሆኖ መውጣቱ ግን አልቀረም።

ፀዳ ላይ አንድ የተማሪዎች ቡድን ቤት ለቤት ዳሰሳውን ጨርሶ መጠይቁን አሳየኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤት «ሽንት ቤት አለው» ተብሎ ተሞልቷል።

«ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አያችሁት?» አልኳቸው።

«መንገዱን ምን ያደርጋል ጋሼ?» አለ የቡድኑ መሪ።

አንዲት እናት ግቢ ገባን። ከጓሮ ቆርቆሮ የለበሰ ሽንት ቤት ቆሟል፤ ከቤቱ እስከዚያ ድረስ ግን ሣሩ አልተረገጠም። በሩን ስንከፍተው ጭድ ሞልቶበታል። እናትየው ሳቁ፤ «ዝናም እንዳይመታው ነው ልጆቼ» አሉ። ለኮላድባው ሱፐርቫይዘሬ፣ ሰው የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ምልክቱ የተረገጠ መንገድ ነበር። ይህን ከእሱ ተምሬያለሁ፤ መጽሐፍ ውስጥ ግን አላነበብኩትም።

ተማሪዎቹ በማግስቱ ወጥተው ቤቶቹን እንደገና ዞሩ። ጉድጓድ ለማስቆፈር የነደፉትን ዕቅድ ሰርዘው፣ የተሠራው ለምን እንደማይገባበት መጠየቅ ጀመሩ። መሪው የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ለቀበሌው ሽማግሌዎች ውጤቱን እንድታቀርብ ግን የእኔን ሙያ የምትማረውን የአካባቢ ጤና ተማሪ አስቀደማት።