ከገደሉ በላይና ከገደሉ በታች፦ አልጋ በኬቤክ ከተማ

ፈረንሳይኛ ገና የጀመረ መንገደኛ በካናዳዋ ኬቤክ ከተማ «ሆቴል» የሚል ታፔላ ባየ ቁጥር ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቢገባ ጉድ ይፈላል። «ኦቴል ደ ቪል» የሚለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። «ኦቴል ዱ ፓርልማን» የሚለው ደግሞ ከ1877 እስከ 1886 ድረስ የተሠራው የምክር ቤት ሕንፃ ነው፤ እዚያ ውስጥ ቢተኛም የሚተኛው እንደራሴው እንጂ እንግዳው አይደለም። ሦስተኛው «ኦቴል ድዩ» ይባላል። ቃል በቃል ብንፈታው የእግዜር ማረፊያ እንደ ማለት ነው። ይህኛውስ አልጋ አለው፤ ነገር ግን ሆስፒታል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።)

ለጽሑፋችን መነሻ የሆነን ተራ የሒሳብ ጥያቄ ነው። አንድ ተማሪ፣ በተማሪ ኪስ፣ በዚያች ከተማ ሦስት ሌሊት ለማደር ቢያስብ እንዴት አድርጎ ይችለዋል? የቪዛውንና የአይሮፕላኑን ጣጣ ለጊዜው እንተወው፤ እሱ ራሱን የቻለ ድርሳን ይወጣዋል። አልጋውን ብቻ ይዘን ስንደምርና ስንቀንስ ግን ሒሳቡ ሳናስበው ወደ ታሪክ መራን። በኬቤክ ከተማ የአልጋ ዋጋ የሚለካው በፍራሹ ልስላሴ ሳይሆን በገደሉ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር፣ ወንዙ በሚጠብበት ቦታ ላይ ነው። ከውሃው ጠርዝ ጥቂት ሜዳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዓለቱ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ሳሙኤል ደ ሻምፕላን በ1608 የመጀመሪያውን ቤት የሠራው ከታች፣ በሜዳው ላይ ነበር። እየቆየ ገዥው፣ ጳጳሱ፣ ወታደሩና መነኮሳቱ ወደ ላይ ወጡ፤ ነጋዴው፣ መርከበኛውና የቀን ሠራተኛው ከታች ቀሩ። ላይኛው ከተማና ታችኛው ከተማ መባባል የመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱን ከሚያገናኙት ደረጃዎች አንደኛው ቀጥ ከማለቱ የተነሣ «ካስ ኩ» ይሉታል፣ አንገት ሰባሪ ማለት ነው። ደረጃ መውጣት ለማይፈልግ ሰው ከ1879 ጀምሮ ገደሉን ሽቅብ የሚሳብ ባቡር ተሠርቶለታል፤ በክፍያ ነው እንጂ በነፃማ አይደለም።

ከተማዋ በፈቃድ የሚተዳደር የእንግዳ ቤት ያገኘችው በ1648 ነው። ዣክ ቧዶን የሚባል ሰው ለስድስት ዓመት ብቻውን እንዲሠራ ፈቃድ ተሰጠው። የተጣሉበት ግዴታዎች ደስ ይላሉ። ቤቱ በአደባባዩ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይርቅ መቆም አለበት፤ ሰው ገብቶ እሳት እንዲሞቅ። ስካርና ስድብ እንዳይኖር ባለቤቱ ይጠብቃል። በቅዳሴና በስብከት ሰዓት ደግሞ ማንም በቤቱ ውስጥ እንዳይገኝ ተብሏል። የክረምቱ ብርድ ከዜሮ እጅግ በሚወርድበት አገር የእንግዳ ቤት ዋና ሥራ ማሞቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ ሰው ቀድመው የደረሱ ግን ነበሩ። በ1639 ከፈረንሳይ፣ ከዲዬፕ ወደብ የተነሡ ሦስት የአውግስጢኖስ ሥርዓት መነኮሳይያት ኬቤክ ገቡ። የላከቻቸው የካርዲናል ሪሸልዮ የእህት ልጅ፣ መስፍኒት ዴጊዮን ናት፤ ለሆስፒታሉ ገንዘቡን ያወጣችው እርሷ ነች። እነሱ የመሠረቱት ኦቴል ድዩ ከሜክሲኮ በስተሰሜን ባለው የአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ ሆስፒታልና የእንግዳ ቤት ዛሬ እንደምናውቀው ለየቅል አልነበሩም፤ የላቲኑም ሥርወ ቃል አንድ ነው። በሽተኛው፣ ድኻው፣ መድረሻ የሌለው ሁሉ ያው እንግዳ ነበር። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል የሚያስተላልፈው መልእክት እዚያ ማዶ በድንጋይ ሕንፃ ላይ ተጽፎ ማግኘታችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስገርሞናል። በ1759 እንግሊዞች ከተማዋን ከበው በመድፍ ሲያጋዩና በመስከረም 13 ቀን ጦርነቱ በአብርሃም ሜዳ ላይ ሲለይለት፣ የዚሁ ሥርዓት መነኮሳይያት ከቅጥሩ ውጭ በነበረው ሆስፒታል የሁለቱንም ወገን ቁስለኞች አስተኝተዋል። የዚያን ሌሊት አልጋ ሒሳብ የጠየቀ የለም።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ርካሽ አልጋ የሚፈልግ ሁሉ የሚወርደው ወደዚያ ነውና።

ናፖሊዮን በ1806 የአውሮፓን ወደቦች በእንግሊዝ ላይ ሲዘጋ፣ እንግሊዝ ከባልቲክ ባሕር አካባቢ ታስመጣው የነበረው ግንድ ተጓደለባት። ያለ ግንድ ደግሞ መርከብ የለም። ስለዚህ ፊቷን ወደ ካናዳ ደን አዞረች፤ ኬቤክም የግንድ ወደብ ሆነች። በረዶው ሲቀልጥ በየዓመቱ መርከቦች በመቶ እየሆኑ ይመጣሉ፤ መርከበኞች በሺህ ይራገፋሉ። ለነዚህ ሰዎች የሚሆኑ አልቤርጎዎች በታችኛው ከተማ፣ በገደሉና በወንዙ መካከል በተጣበቀው በሻምፕላን መንገድ ላይ ተደረደሩ። እዚያ አልጋ ማግኘት ቀላል ነበር። መርከበኛው ከመርከብ ሲወርድ ደላላው ይቀበለዋል፤ ና እደር፣ ና ጠጣ፣ ሒሳቡ ይደርሳል ይለዋል። እውነትም ይደርሳል። መርከበኛው ዕዳው ከአናቱ በላይ ሲሆን፣ ወይም ሰክሮ ራሱን ሲስት፣ ደላላው ሰው ለጎደለው ካፒቴን አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ከደመወዙም ቅድሚያ ክፍያውን ደላላው ይቀበላል። አንዳንዱ መርከበኛ ሲነቃ ራሱን የሚያገኘው በማያውቀው መርከብ ላይ፣ በባሕር መካከል ነበር። ወደቡን ከአንድ ትውልድ በላይ ያስቸገረ ንግድ ነው ይህ።

በ1847 ደግሞ ከአየርላንድ ረሃብ የሸሹ ስደተኞች በመርከብ እየታጨቁ መጡ። ከከተማዋ በታች በወንዙ ላይ ባለችው በግሮስ ኢል የለይቶ ማቆያ ደሴት በዚያ ዓመት ብቻ ከ5,000 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል። ወደ ወደቡ የዘለቁትም ቢሆኑ በሽታውን ይዘውት ገብተዋል። የታችኛው ከተማ አልጋ ታሪክ ይህንንም ይጨምራል።

ቆየት ብሎ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በእንጨት የሚሠራ መርከብ በብረት ተተካ፤ የእንፋሎት መርከቦች ኬቤክን እያለፉ ወደ ሞንትሪያል መሄድ ጀመሩ፤ በ1871 የእንግሊዝ ጦር ሠፈሩን ለቆ ወጣ። ከተማዋ ባዶ እጇን ቀረች። ነጋዴዎቹ የድሮው ቅጥር መንገድ ዘጋብን፣ ይፍረስልን ብለው ጮሁ፤ በሮቹም መፍረስ ጀመሩ። ይህን ያስቆመው የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሎርድ ደፈሪን ነው (ከ1872 እስከ 1878 ገዝቷል)። ቅጥሩ ይቆይ፣ በሮቹ ግን ለሠረገላ ሰፋ ተደርገው እንደ ጥንቱ ግንብ ተውበው ይሠሩ የሚል ዕቅድ አወጣ። እንግዲህ ዛሬ ቱሪስቱ ፎቶግራፍ የሚነሣበት የቅዱስ ሉዊ በር በዚያን ዘመን የተሠራ ነው። የቅዱስ ዮሐንስ በርማ ከዚያም ያንሳል፤ የተሠራው በ1939 ነው። እኛ ይህን ስናውቅ መጀመሪያ የተታለልን መሰለን። ኋላ ስናስበው ግን ከተማዋ ግንድ መሸጥ ሲያቅታት እርጅናዋን መሸጥ እንደጀመረች ገባን።

የእርጅናው ዋና ነጋዴ የባቡር ኩባንያ ነበር። የካናዳ ፓስፊክ ባቡር ሐዲዱን በ1885 ከዳር እስከ ዳር ካገናኘ በኋላ ባቡሩን የሚሞላለት ሀብታም መንገደኛ ፈለገ። ስለዚህ ከገደሉ ጫፍ ላይ፣ በ1834 የተቃጠለው የገዥዎች መኖሪያ በነበረበት አካባቢ፣ ሻቶ ፍሮንተናክን አሠርቶ በ1893 ከፈተ። ስሙን የወሰደው በ17ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ ገዥ ከነበረው ከኮንት ደ ፍሮንተናክ ነው። ሕንፃው በፈረንሳይ የሎዋር ወንዝ ቤተ መንግሥቶች አምሳል ተሠራ፤ የሠራው ብሩስ ፕራይስ ግን አሜሪካዊ ነው። መካከለኛው ረጅም ግንብ የተጨመረውም በ1924 ነው። በሥዕል ፖስት ካርድ ላይ የኬቤክ ምልክት ሆኖ የምናየው ቤተ መንግሥት መሰል ነገር እንግዲህ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ሆቴል ነው። በነሐሴ 1943 ቸርችልና ሩዝቬልት ስለ ጦርነቱ ሊመክሩ ወደ ኬቤክ ሲመጡ እነሱ በምሽጉ ውስጥ አደሩ፤ የጦር አማካሪዎቻቸው ግን ሻቶውን ያዙት፤ ተራው እንግዳ ክፍሉን እንዲለቅ ተደረገ።

ታችኛው ከተማም ተራው ደረሰው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፕላስ ሩዋያል አደባባይ ዙሪያ ያሉት ያረጁ ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ ታደሱ። መታደስ ስንል የፈረንሳይን ዘመን መልክ እንዲይዙ ተደረጉ ማለታችን ነው፤ አንዳንዶቹም ፈርሰው እንደ ገና ተሠሩ። በ1985 ዩኔስኮ የድሮውን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። መርከበኛው በዱቤ ያድርበት የነበረው ሠፈር ዛሬ ከውድ ማደሪያዎች አንዱ ሆኗል፤ በቅጥሩ ውስጥ የሚኖረው ነዋሪም እየሳሳ ሄዷል። ተማሪውም ሳይቀር ወጥቷል። በ1852 የተቋቋመው የላቫል ዩኒቨርሲቲ በቅጥሩ ውስጥ፣ በላቲን ሠፈር ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ወደ ሴንት ፏ ተዛወረ። የሠፈሩ ስም «ላቲን» እንደሆነ ቀርቷል፣ ላቲን አጥኚው ግን የለም።

እንግዲህ ወደ ሒሳባችን። በመጀመሪያ፣ በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። 3.5 በመቶ የማደሪያ ግብር ይጨመርበታል፤ በድምሩ ላይ የፌዴራሉ 5 በመቶና የክፍለ ሀገሩ 9.975 በመቶ ይመጣል። መቶ ዶላር የተባለው አልጋ 119 ዶላር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ወሩን መምረጥ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም የበረዶው ካርኒቫል የሚከበርበት የካቲት የባለ ገንዘብ ወራት ናቸው፤ የአውሮፓው ኖቬምበርና ኤፕሪል ለእኛ ቢጤ ይሻላሉ፣ ካፖርት ከተገኘ። ሦስተኛ፣ ከቅጥሩ ውጭ ማደር ነው። የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ሠፈር በእግር ይደረሳል። ሴን ሮክ የድሮ የቆዳ ፋቂዎችና የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች ሠፈር ነው፤ ከዚያ ወደ ላይኛው ከተማ በደረጃ ይወጣል። በበጋው ዕረፍት ደግሞ ላቫል ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን ክፍሎች ለመንገደኛ ያከራያል፤ አውቶቡስ አለ።

የግለሰብ ቤት በቴሌፎን መተግበሪያ የሚከራይ ካለ ጥንቃቄ ያሻል። በመጋቢት 2023 በአሮጌው ሞንትሪያል ያለ ፈቃድ ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ ክፍሎች በነበሩበት ሕንፃ እሳት ተነሥቶ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ በክፍለ ሀገሩ ሕግ ማንኛውም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የምዝገባ ቁጥር መያዝ አለበት። ቁጥር የሌለውን አልጋ፣ የፈለገ ቢረክስ፣ ማለፍ ነው። የሻምፕላን መንገድ ደላላ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልሞተም።

እኛ በወረቀት ላይ ያወጣነው ዕቅድ ይህ ነው። ሁለቱን ሌሊት ከወንዙ ማዶ፣ በሌቪ ከተማ። ጀልባው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ያሻግራል፤ ጠዋት ከሠራተኛው ጋር ተጋፍቶ መሻገር ነው፤ ሻቶው ከነገደሉ በሙሉ የሚታየውም ከዚያ ጀልባ ላይ ነው፤ ከሻቶው መስኮት ሆኖ ሻቶውን ማየት አይቻልም እኮ። አንዷን ሌሊት ግን በቅጥሩ ውስጥ፣ በነዚያ በሦስቱ መነኮሳይያት ልጆች ቤት። የኦቴል ድዩ ገዳም አንዱ ክፍል ታድሶ ከ2015 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል። ርካሽ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን የመነኮሳይያቱ የድሮ ክፍሎች ጠባብ አልጋቸውን እንደያዙ፣ መታጠቢያው የጋራ ሆኖ፣ ከሌሎቹ በአነሰ ዋጋ ይከራያሉ፤ በሽተኛ ሲያስታምም ለደከመ ሰውም የተለየ ቅናሽ አላቸው። ቁርስ የሚበላው ዝም ተብሎ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ በዚህ ምክንያት እስካሁን አልተስማሙም፤ የቀረነው ግን ዕቅዱን አጽድቀናል።