ከጎንደር ኮረብታ እስከ ጆርጂያ አቬኑ፦ ፊልም አይተው ፊልም የሠሩ ልጆች

የመጽሔቱ ኮሚቴ «አንተ ዩኒቨርስቲ የቀመስክ ነህ፣ አንድ የታሪክ ጽሑፍ አዋጣ» ሲለኝ ስለ ዐድዋ ወይም ስለ ላሊበላ እንደምጽፍ ጠብቆ ይሆናል። የጀመርኩትን ትምህርት እንዳልጨረስኩ፣ ዛሬም ታክሲ እንደምነዳ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ከፍ ያለውን ታሪክ ለሊቃውንቱ ትቼ የልጆች ጨዋታ ታሪክ መርጫለሁ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እናገራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ነገሩ የሚጀምረው ጎንደር ነው። ኃይሌ ገሪማ እዚያ በ1946 ተወለደ። አባቱ አቶ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ፣ ቴአትርም ደርሰው ለሕዝብ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውም በአባቱ ቴአትር ይጫወት ነበር። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሀብት እያለ የልጁን ልብ የሰረቀው ግን የአሜሪካ ፊልም ነው። ኃይሌ ካደገ በኋላ እንደተናገረው፣ እሱና ጓደኞቹ በጎንደር ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ያዩትን ፊልም መልሰው ይጫወቱት ነበር። ልባቸው ከካውቦዮቹ ጋር ነው፤ ቀይ ሕንዶቹን ከነጭራሹ የኔ የሚላቸው አልነበረም። ታርዛንን ሲያዩ ደግሞ አፍሪቃውያኑ ከኋላው አድፍጠው ሲመጡበት፣ የጎንደር ልጆች እንዲጠነቀቅ ለታርዛን ይጮሁለት ነበር።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ እኛም ያደረግነው ያንኑ ነበርና። ቪዲዮ ቤት ሳንቲማችንን ከፍለን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን «ኮማንዶ»ን ያየን ዕለት ሰፈሩ ይታመስ ነበር። ዋናው ሰው «አክተሩ» ነው፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። የመጥረጊያ እንጨት መትረየስ ይሆናል፣ ፊት በከሰል ይቀባል፣ የጎረቤት አጥር ይዘለላል። እኔ ጡንቻ ስላልነበረኝ ሁልጊዜ ከሚሞቱት ወገን ነበርኩ። ስሞትም እንደነገሩ አልነበረም፤ ከግንብ ላይ ተንከባልዬ ነበር የምሞተው። አንድ ቀን ክርኔ ተሰብሮ አባቴ ወጌሻ ቤት ወስዶኛል፤ ጉዳቱ በቀበቶ የመጣውን ቅጣት አላስቀረልኝም። ካሜራ ግን አልነበረንምና ከዚያ ሁሉ ድካም አንድም ነገር አልተረፈም።

ካሜራ ያገኙ ልጆች ምን እንዳደረጉ ለማየት ወደ ሚሲሲፒ ግዛት እንሻገር። በ1981 የስቲቨን ስፒልበርግና የጆርጅ ሉካስ ፊልም፣ ኢንዲያና ጆንስ የሚባለው ጀብደኛ ጽላተ ሙሴን ፍለጋ የሚወጣበት፣ ዓለምን አዳረሰ። ክሪስ ስትሮምፖሎስና ኤሪክ ዛላ የሚባሉ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በትምህርት ቤት አውቶቡስ ተዋውቀው ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ትዕይንት በትዕይንት፣ መልሰን እንቀርጸዋለን ብለው ተነሡ። ጄሰን ላምብ የሚባል ሦስተኛ ልጅ ካሜራውንና የዘዴ ሥራውን ያዘ። ፊልሙ ያኔ በቪዲዮ ካሴት ገና ስላልወጣ፣ ድምፁን በቴፕ ቀድተው የቀረውን ከትዝታቸው እየሣሉ ከ600 በላይ ሥዕል አዘጋጁ። ከ1982 እስከ 1989 ድረስ በየክረምቱ ሠሩ፤ ድምፃቸው ጎረነነ፣ ቁመታቸው አደገ፣ በፊልሙ ውስጥ ግን አንዱ ትዕይንት ላይ ሕፃን፣ ቀጥሎ ጎረምሳ ሆነው ይታያሉ። ጦጣ ስላላገኙ በጦጣዋ ምትክ ውሻ አስገቡ። ኤሪክ የፊቱን ቅርጽ ለማውጣት የተለሰነበት ጄሶ ደርቆበት ሆስፒታል ገባ። የመጠጥ ቤቱን ቃጠሎ ደግሞ የኤሪክ እናት ቤት ምድር ቤት ውስጥ እውነተኛ እሳት ለኩሰው ነው የቀረጹት። እናትየው ያን ጊዜ ካሜራውን ቢሰባብሩት የሚፈርድባቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ፊልሙ ጽላተ ሙሴን የሚያስፈልገው ግብጽ ውስጥ ነው። አክሱም ጽዮን የት እንዳለች የሚነግረው አንድ ሀበሻ ቢያገኝ ኖሮ ኢንዲያና ጆንስ ያን ሁሉ እባብ ባልተጋፈጠ። የባሰው ደግሞ መጨረሻው ነው፤ ጽላቱ በሣጥን ታሽጎ አንድ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ይጣላል፤ ታሪኩም የሚያልቀው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ይችን ከተማ ስዞር ያን መጋዘን አላየሁትም።

የልጆቹ ፊልም ለረጅም ዘመን ተደብቆ ቆየ። በ2003 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ በይፋ ሲታይ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ ስፒልበርግም የአድናቆት ደብዳቤ ጻፈላቸው። ሳይቀርጹት የቀረውን የአውሮፕላን ትዕይንት በ2014፣ ሁለቱ ጓደኛሞች የልጆች አባት ከሆኑ በኋላ፣ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው ጨረሱት። ይህ የነጮችና የድሎተኞች ወሬ ነው የሚል ካለ፣ በናይጄሪያ ሌጎስ ግዛት የኢኮሮዱ ልጆች ታላላቅ ፊልሞችን በጋሪና በድስት ክዳን እየሠሩ በስልክ ሲቀርጹ፣ በ2020 ኔትፍሊክስ አይቷቸው የፊልም መሣሪያ ልኮላቸዋል።

ወደ ኃይሌ ልመለስ። በ1967 ወደ አሜሪካ መጥቶ መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ ከዚያም ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። የኮረብታው ካውቦይ የማን ወገን እንደነበረ የገባው እዚህ አገር ነው፤ ጎንደር ሳለ ሲጫወት የነበረው የሌላ ሰው ታሪክ እንደሆነ ሳያለዝብ ተናግሯል። የዘውዱ መንግሥት በሚወድቅበት ሰሞን አገር ቤት ገብቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ከ1975 ጀምሮ በሐዋርድ ዩኒቨርስቲ አስተማረ። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲያወጣ አከፋፋዮች ፊት ቢነሱት፣ እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ከሐዋርድ ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ የከፈቱትን የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን። «ጤዛ» ደግሞ በ2008 ቬኒስ፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ተሸልሟል። ያ መንገድ ሳይታጠፍ ሲልቨር ስፕሪንግ ያስገባል፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምመላለስበት አልቆጥረውም።

አሁን ምክንያቴን ልናገር። ባለፈው ዓመት የኛ ልጆች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ተሰባስበው፣ በ2018 የወጣውን «ብላክ ፓንተር» በስልክ መልሰን እንቀርጻለንና አዳራሹን ስጡን ብለው ለማኅበሩ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በአማርኛ ነበር፤ ስሕተቱ ብዙ ቢሆንም ራሳቸው እንደጻፉት ያስታውቃል። ስብሰባው ላይ «አዳራሹ ለቋንቋ ትምህርትና ለለቅሶ እንጂ ለሆሊውድ አይደለም» ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን አውጥተው ከተቃወሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አይቶኛል። በመኪና ስንመለስ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤታችን አንድ ቃል አልተናገረም።

ያን ቀን የተቃወምነው ያለምክንያት አልነበረም፤ የኃይሌም ታሪክ በከፊል ለኛ ይመሰክራል፤ ልጅ የሚጫወተው ጨዋታ ወገኑን ይመርጥለታል። ግን ልጄን በሳምንቱ ለምን ይህንኑ ፊልም እንደመረጡ ብጠይቀው «በቅኝ ያልተገዛው አገር እኮ ነው፣ አባዬ» አለኝ። እኔ በሱ ዕድሜ አርኖልድን ነበር የመረጥኩት። ከዚያም የቀረጹትን አሳየኝ፤ ንግሥቲቱ እናቴ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የተጠኑትን የእንግሊዝኛ ቃል ትተው በራሳቸው አማርኛ ልጆቹን ሲገሥጹ ይታያል። ከፊልሙ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

የአዳራሹ ጥያቄ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንደገና እንዲታይ ስሜን አስፍሬ አመልክቻለሁ፤ የተቃወማችሁትም የደገፋችሁትም እንድትገኙ እለምናለሁ። የፏፏቴው ፍልሚያ ትዕይንት ስላይጎ ክሪክ ላይ ይቀረጻል፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥምና እናቶች አትስጉ። የቅዳሜው ችግር የመኪና ነው፤ ተዋጊዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፣ የኔ ታክሲ የሚይዘው አራት ብቻ ነው።